ከዕፅዋት መገኘቱ የመጠኑን ጥያቄ አይመልስም

የመዋቢያ ምርቶችን ለመቆጣጠር ሥልጣን ለተሰጠው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ፋይቶኢስትሮጅን ስላለበት የፊት ቅባት የተሰጠው የጽሑፍ መልስ እንዲሻርና ተያያዥ እርምጃዎች እንዲወሰዱ ስለመጠየቅ

መሥሪያ ቤቱ የአቤቱታውን አመጣጥ ከነአባሪዎቹ በመዝገብ ቤቱ ይዞት ስለሚገኝ፣ ይህ ደብዳቤ ታሪኩን ከሥሩ ለመተረክ አይዘገይም። የተጻፈው ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የጡት ካንሰር ሕክምና በመከታተል ላይ ያሉ አንዲት ወይዘሮ፣ «ፋይቶኢስትሮጅን» የሚል ጽሑፍ በጉልህ የታተመበትን የፊት ቅባት መቀባት ይችሉ እንደሆነ፣ በቅባቱ ውስጥ ያለው መጠንም ምን ያህል እንደሆነ በጽሑፍ ላቀረቡት ጥያቄ፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ የተሰጣቸው መልስ ምርቱ ከዕፅዋት የተገኘ በመሆኑ ለጤና የሚያሠጋ እንዳልሆነ የሚገልጽ፣ ቁጥር የሌለበት፣ ምርመራ የማይጠቅስ፣ ያዘጋጀው ባለሙያ የሙያ ዘርፍ እንኳን ያልሰፈረበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ማኅተሙ ግን ቦታውን ሳይስት አርፎበታል። ወይዘሮዋ የጠየቁት «ስንት?» ብለው ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱ የመለሰው ማንም ያልጠየቀውን «ከየት?» የሚለውን ነው።

ለመሥሪያ ቤቱ የሚገባው አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይህ መልስ ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደገኛ ልማድ መሆኑን ሕዝብ በሚያየው አደባባይ ማስረዳት ግድ ሆኗል፤ በር ዘግቶ መነጋገር ተሞክሮ ያመጣው ፍሬ ስላልታየ ነው።

ኢስትሮጅን በዋናነት በሴቶች የእንቁላል ማመንጫ ዕጢዎች የሚመረት፣ በደም ተጉዞ በማሕፀን፣ በጡት፣ በአጥንት፣ በአንጎልና በቆዳ ላይ የሚሠራ ሆርሞን ሲሆን፣ ከዓይነቶቹ ሁሉ ብርቱው ኢስትራዲዮል ይባላል። ፋይቶኢስትሮጅን የሚባሉት ደግሞ ዕፅዋት ለራሳቸው ጉዳይ የሚሠሯቸው፣ ነገር ግን ቅርጻቸው ኢስትራዲዮልን ስለሚመስል በሰውና በእንስሳት አካል ውስጥ ያለውን የኢስትሮጅን ተቀባይ መያዝ የሚችሉ ውሁዶች ናቸው። ተቀባይ ማለት ሆርሞኑን ይዞ ለሕዋሱ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ነው። ከእነዚህ ውሁዶች ዋናዎቹ በአኩሪ አተር ውስጥ የሚገኙት ጄኒስቴይንና ዳይድዚን፣ በቀይ ክሎቨርና በሽምብራ የሚገኙት ባዮካኒን ኤ እና ፎርሞኖኔቲን፣ በተልባ የሚበዙት ሊግናኖች፣ እንዲሁም በአልፋልፋ መኖ ውስጥ ያለው ኩሜስትሮል ናቸው። ሽምብራውም ተልባውም ከኢትዮጵያ ማጀት የማይታጡ በመሆናቸው፣ ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባውም፤ እንግዳው እነዚህ ነገሮች ተጨምቀውና ተጣርተው፣ ከወጥ ድስት ወጥተው በየማታው ፊት ላይ እንዲቀሩ ወደሚቀባ ክሬም መግባታቸው ነው።

የኢስትሮጅን ተቀባይ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀድሞ የታወቀው አልፋ ሲባል፣ ሁለተኛው ቤታ በ1996 እ.ኤ.አ. በስዊድን ተመራማሪዎች ይፋ ሆኗል። ጄኒስቴይን ከአልፋው ይልቅ ወደ ቤታው የሚያደላ ሲሆን፣ ቆዳ ሁለቱንም ተቀባዮች ይዞ ይገኛል። በጉልበት ሲለካ ጄኒስቴይን ከኢስትራዲዮል በጣም ይደክማል፤ ነገር ግን ደካማ የሆነ ነገር ብዙ ሲሆን ምን እንደሚሠራ የሚወሰነው በመጠኑ፣ በሚቀባበት ስፋት፣ በሚቆይበት ጊዜና በተቀባዪዋ ሴት የራሷ ሆርሞን ልክ ነው። ኢስትሮጅን በበዛበት አካል ተቀባዩን ይዞ ሊያግድ፣ ባነሰበት አካል ደግሞ ራሱ ሊያዝዝ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ይህን ሁሉ «ከዕፅዋት» በምትል አንዲት ቃል ጠቅልሎ ዘግቶታል።

እዚህ ላይ ለቅባቱ አምራቾችም ሆነ ለገዢዎቹ ፍርዱ በሚዛን ሊሰጥ ይገባል። ስለ ፊት መጨማደድ የሚያወራ አቤቱታ በመንግሥት ኮሪደሮች ፈገግታ እንደሚያስነሣ የታወቀ ነው፤ ወይዘሮዋም ይህ ፈገግታ አልቀረላቸውም። ይሁንና ነገሩ የቅንጦት ብቻ አይደለም። የወር አበባ በቋሚነት በሚቆምበት፣ ማረጥ በሚባለው የዕድሜ ምዕራፍ፣ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እስከ 30 በመቶ እንደሚቀንስ፣ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ እየቀነሰ እንደሚሄድ ተለክቷል። ቆዳው ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ በቀላሉ ይላጣል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ሆርሞን በእንክብል መተካት ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን በአንድነት ይወስዱ የነበሩ ሴቶች የተሳተፉበት ትልቁ ጥናት፣ የጡት ካንሰር ሥጋት ከጥቅሙ በልጦ በመታየቱ ከጊዜው በፊት ከተቋረጠ ወዲህ በብዙ ሴቶች ዘንድ ፍርሃት አሳድሯል። ከዕፅዋት የሚገኘው አማራጭ ገበያ ያገኘው በዚህ ክፍተት ነው፤ አመጣጡም ተንኮል ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ጥቅሙም ባዶ አይደለም። በብራዚል ያረጡ ሴቶችን በሁለት ምድብ ከፍሎ፣ ለአንደኛው ምድብ ኢስትራዲዮል ያለበት ጄል፣ ለሁለተኛው ከአኩሪ አተር የተገኘ አይሶፍላቮን (ጄኒስቴይንና ዳይድዚን የሚገኙበት የፋይቶኢስትሮጅን ምድብ) ያለበት ጄል ለ24 ሳምንታት ፊታቸው ላይ እንዲቀቡ ያደረገ ጥናት፣ በሁለቱም ምድቦች የላይኛው የቆዳ ሽፋን መወፈሩን አሳይቷል፤ የኢስትራዲዮሉ ውጤት ግን የበለጠ ነበር። ፀጉር አልባ በሆኑ አይጦች ላይ ደግሞ ጄኒስቴይን የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጉዳት እንደሚቀንስ ታይቷል። እንግዲህ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ በሰው ላይ ጥቅም ያሳየው ጄል የያዘው የአይሶፍላቮን መጠን፣ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት በመዋቢያ ውስጥ እንዲኖር ከፈቀደው በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ቅባት «እንደ ሆርሞን ይሠራል» ብሎ ከተማመነ መጠኑ ሊያነጋግር ይገባል፤ መጠኑ ለደኅንነት ሲባል እጅግ ትንሽ ነው ከተባለም፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሆርሞን ተስፋ ከየት መጣ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁለቱንም ጥያቄ ማንም አልጠየቀም።

ከማድያት ጋር በተያያዘም ነገሩ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ማድያት በእርግዝና ወቅትና ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ በሚወስዱ ሴቶች ላይ የሚብስ የፊት ጥቁረት መሆኑ ሐኪሞች የሚያውቁት ነው። በአኩሪ አተር የሚሠሩ ቅባቶች የቆዳን ቀለም ያስተካክላሉ ሲባል፣ በቤተ ሙከራ የተገለጸው አሠራር በአኩሪ አተሩ ውስጥ ባሉ፣ ቀለም ወደ ቆዳ ሕዋሳት እንዳይተላለፍ በሚያግዱ ፕሮቲኖች በኩል እንጂ በኢስትሮጅን በኩል አይደለም። ሆኖም ሻጩ ሁለቱን ጉዳዮች አደባልቆ፣ ኢስትሮጅኑ ማድያት ያጠፋል ብሎ ሲሸጥ ሃይ የሚለው የለም።

አሁን ወደ ብልቃጡ። 50 ግራም ክሬም የያዘው ነጭ ብልቃጥ የመጣበት ካርቶን በሦስት ቋንቋዎች ተጽፎበታል፤ አማርኛም ሆነ ሌላ የአገር ውስጥ ቋንቋ ግን የለበትም። የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀን በታተመበት ቦታ ላይ ነጭ ተለጣፊ ወረቀት አርፎበታል፤ ወረቀቱ ላይ በእጅ የተጻፈ ሌላ ቀን አለ። የአስመጪው ስም የለም። የይዘት ዝርዝሩ ውስጥ የአኩሪ አተር ጭማቂ በላቲን መጠሪያው በአምስተኛ ተራ፣ የቀይ ክሎቨር ጭማቂ በስድስተኛ ተራ ሰፍረዋል፤ ፌኖክሲኢታኖል የተባለው፣ ክሬም እንዳይበላሽ የሚጨመረው ማቆያ ከእነርሱ በታች ነው። ይህ ቅደም ተከተል የዕቃ ዝርዝር ለማያነብ ሰው ምንም አይናገር ይሆናል፤ ለተቆጣጣሪ ግን ብዙ ይናገራል። በተለመደው የመዋቢያ አጻጻፍ ሥርዓት መሠረት ይዘቶች ከብዙ ወደ ትንሽ ይደረደራሉ፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ብቻ እንደተፈለገው ሊቀመጡ ይችላሉ። ፌኖክሲኢታኖል ደግሞ በአውሮፓ ከ1 በመቶ በላይ አይፈቀድም። ስለዚህ ከእርሱ በላይ የሰፈሩት ጭማቂዎች 1 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆኑ እንደሚችሉ መጠርጠር የማንም ጀማሪ ባለሙያ ሥራ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች ደኅንነት ሳይንሳዊ ኮሚቴ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው አስተያየት፣ ጄኒስቴይን በመዋቢያ ውስጥ እስከ 0.007 በመቶ፣ ዳይድዚን እስከ 0.02 በመቶ ድረስ ቢኖር ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው ብሏል፤ ኅብረቱም ይህን በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ቁጥር 2024/996 ሕግ አድርጎ፣ ከየካቲት 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ ምርቶች፣ ከኅዳር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ቀድሞ በመደርደሪያ ላይ የነበሩትም እንዲገዙለት ወስኗል። 0.007 በመቶ ማለት በ50 ግራም ብልቃጥ ውስጥ 3.5 ሚሊ ግራም ጄኒስቴይን ነው። የአኩሪ አተሩ ጭማቂ ከክሬሙ 1 በመቶውን ብቻ የያዘ፣ ከጭማቂውም ውስጥ ጄኒስቴይን 1 በመቶው ብቻ ነው ቢባል፣ በብልቃጡ ውስጥ 5 ሚሊ ግራም ይገኛል፤ ይህም ከልኩ ያልፋል። ከዚህ ያነሰም ሊሆን ይችላል፣ ብዙ እጥፍ ሊሆንም ይችላል። ማወቅ የሚቻለው አስመጪውን የጭማቂውን የትንተና ምስክር ወረቀት በመጠየቅ፣ ወይም ናሙናውን ክሮማቶግራፊ በሚባለው፣ የድብልቅን ይዘቶች ለያይቶ እያንዳንዱን በሚለካው የቤተ ሙከራ ዘዴ በመመርመር ነው። ይህ መሣሪያ ለመድኃኒት ጥራት ምርመራ በየጊዜው የሚሠራበት ተራ መሣሪያ ነው።

የአውሮፓ ሕግ በኢትዮጵያ እንደማይገዛ ይህን ደብዳቤ የጻፈው ሰው አይስተውም፤ መሥሪያ ቤቱም ይህን ለማስታወስ መድከም አይገባውም። ነገር ግን ኅብረቱ እዚህ ውሳኔ ላይ የደረሰው በስሜት አይደለም፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ሆርሞንን ያውካሉ ተብለው የተጠረጠሩ 28 የመዋቢያ ይዘቶችን ዘርዝሮ፣ ጄኒስቴይንንና ዳይድዚንን ቅድሚያ ከተሰጣቸው ምድብ አስገብቶ፣ መረጃ አስባስቦ፣ አስመዝኖ ነው። በዚያው ኅብረት የመዋቢያ ደንብ ቁጥር 1223/2009 ራሳቸው ኢስትሮጅኖች በመዋቢያ ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከሉት ተርታ ናቸው። አንድ አገር የራሱን ልክ እስኪያወጣ ድረስ የሌላውን ማስተዋል ነውር የለበትም፤ ነውሩ ልክ የሌለው ሆኖ ሳለ ልክ አለኝ ብሎ ማኅተም መምታት ነው። እዚያ መደርደሪያ የተከለከለበት ዕቃ ልክ ወደሌለበት ገበያ አይጎርፍም ብሎ የሚያምን ነጋዴ ካለም በመርካቶ የሚያውቀው አይገኝም።

«ከዕፅዋት ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው አባባል ራሱ የሚፈርሰው በበጎች ነው። በ1940ዎቹ በምዕራብ አውስትራሊያ ክሎቨር በበዛበት መስክ የተሰማሩ በጎች መካን እየሆኑ በመምጣታቸው፣ በ1946 እ.ኤ.አ. የእንስሳት ሐኪሞች ጉዳዩን መርምረው ጥፋቱን ከመኖው ጋር አያያዙት፤ በኋላም በክሎቨሩ ውስጥ ያለው ፎርሞኖኔቲን በበጎቹ ጨጓራ ወደ ብርቱ ኢስትሮጅናዊ ውሁድ እንደሚለወጥ ታወቀ። በጎቹ የበሉት ሣር ነው፤ ከሣር የበለጠ ተፈጥሮ የለም። ወደ አገር ቤት ሲመጣም መሥሪያ ቤቱ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጓያ ከዕፅዋት የሚገኝ እህል ሆኖ ሳለ በድርቅ ዘመን ለወራት እርሱን ብቻ የበላን ሰው እግሩን ያሽመደምዳል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ያጠኑት እንዶድም ልብስ የሚያጥብ ፍሬ ሆኖ ሳለ በወንዝ ውስጥ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን የሚገድል ነው። ጓያን መጥኖ የበላ ደህና ነው፣ ያልመጠነ ይሽመደመዳል፤ ገበሬው ከተቆጣጣሪው ቀድሞ ያወቀው ይህን ነው።

የቆዳውም ጉዳይ በዚያው ልክ ነው። ቆዳ ግድግዳ ነው የሚል እምነት ቢኖርም፣ ክብደታቸው ከ500 ዳልተን በታች የሆኑ ሞለኪዩሎች በቆዳ ውስጥ የማለፍ ዕድል እንዳላቸው በሙያው የታወቀ መመሪያ ነው። ዳልተን የሞለኪዩል ክብደት መለኪያ ነው። ጄኒስቴይን 270፣ ኢስትራዲዮል 272 ዳልተን ይመዝናሉ። ሁለተኛው በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ፕላስተርና በሚቀባ ጄል ወደ ደም እየገባ ለማረጥ ሕክምና ሲያገለግል፣ የመጀመሪያው «መዋቢያ ስለሆነ ከላይ ይቀራል» ሊባል የሚችለው በልኬት እንጂ በግምት አይደለም። ደግሞም በአፍ የሚገባ አይሶፍላቮን በአንጀትና በጉበት ውስጥ አልፎ አብዛኛው ሥራ ፈት ወደሆነ ቅርጽ ሲለወጥ፣ በቆዳ የሚገባው ይህን መንገድ አይከተልም፤ አኩሪ አተር መብላትና የአኩሪ አተር ጭማቂ መቀባት አንድ ናቸው የሚለው ክርክር የማይቆመውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የወይዘሮዋ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ እዚህ ላይ ይታያል። የሚወስዱት ታሞክሲፈን የተባለ፣ በጡት ሕዋሳት ላይ ኢስትሮጅን ተቀባዩን እንዳይዝ የሚያግድ መድኃኒት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት በምግብ የተሰጠ ጄኒስቴይን የታሞክሲፈንን ሥራ እንደሚያዳክም አሳይቷል። በአንጻሩ በ2009 እ.ኤ.አ. በቻይና ሻንጋይ ከ5 ሺሕ በላይ የጡት ካንሰር ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት፣ አኩሪ አተር በምግብነት አዘውትረው የሚመገቡ ሴቶች የከፋ ነገር እንዳልደረሰባቸው፣ እንዲያውም ሞትና የበሽታው መመለስ ያነሰባቸው መሆኑን አሳይቷል። አንዱ ስለ አይጥ፣ ሌላው ስለ ምግብ ነው፤ በየማታው ለወራት ስለሚቀባ ክሬም የሚናገር ግን አንዱም የለም። ቅባቱ ወይዘሮዋን ጎዳቸው የሚል ክስ በዚህ ደብዳቤ አልቀረበም፣ አይቀርብምም። ክሱ ሌላ ነው። ተገቢው መልስ በሦስት መሥመር ያልቅ ነበር፦ በምርቱ ውስጥ ያለው መጠን በመሥሪያ ቤቱ አልተመረመረም፤ አስመጪው ማስረጃ እንዲያቀርብ ታዟል፤ እስከዚያው ድረስ በኢስትሮጅን ተቀባይ የሚመራ ካንሰር ያለባቸው ታካሚዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይጠቀሙበት ይመከራል። ይህን ለመጻፍ ቤተ ሙከራም በጀትም አያስፈልግም ነበር።

መልሱ የመጣበት መንገድም ሊነገር ይገባዋል። አንደኛው ክፍል ዕቃው መዋቢያ ስለሆነ የሆርሞን ግምገማ አይመለከተውም ሲል፣ ሁለተኛው ክፍል ሆርሞን ከተባለ መድኃኒት ስለሆነ ጉዳዩ የእርሱ እንዳልሆነ በቃል ተናግሮ ወደ አንደኛው መለሰ። አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይህ ነው። በዚህ መሃል አምራቹ ትልቁን ብልሃት ሠርቷል፤ ቅባቱ ለገዢ ሲቀርብ ሆርሞን ነው፣ ለተቆጣጣሪ ሲቀርብ ቅጠል ነው። በካርቶኑ ፊት ላይ ሴቶችን የሚስበው «ኢስትሮጅን» የሚለው ቃል፣ ከካርቶኑ ጀርባ ሲደርስ የላቲን ስም ያለው ጭማቂ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን ጎኖች በአንድ እጅ ይዞ የሚያይ ባለሥልጣን ያስፈልጋል፤ ሕግ አውጪው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ሲያወጣ መዋቢያን ከመድኃኒት ጎን በአንድ አዋጅ ያስቀመጠው፣ በሁለት ወንበሮች መካከል የሚወድቅ ዕቃ እንዳይኖር አስቦ መሆን አለበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መንግሥታዊ መረጃ የማግኘት መብትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ጥያቄ የቀረበለት አካል በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። ከእነዚህ አዋጆች አንዱም ወይዘሮዋ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ እንዲሉ አላዘዘም።

ይህን የሚያነቡ እናቶች፣ እኅቶች፣ የፋርማሲ ባለሙያዎችና የውበት ሳሎን ባለቤቶች፣ ነገሩ የአንዲት ወይዘሮ ብቻ አለመሆኑን ከመሥሪያ ቤቱ በተሻለ ያውቁታል። ከዱባይ፣ ከጅዳና ከቤሩት በሻንጣ እየመጣ በቴሌግራም የሚሸጠው፣ በቲክቶክ ላይ ፊቱን ግማሽ በግማሽ እየቀባ የሚያሳይ ወጣት «ኦርጋኒክ ነው፣ ጉዳት የለውም» እያለ የሚያሻሽጠው ቅባት በየቤቱ አለ። ከሻጩ አፍ የሚወጣው ዓረፍተ ነገርና በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የወጣው ዓረፍተ ነገር አንድ ሆነው መገኘታቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ሻጩ ከእንግዲህ የመንግሥት ደብዳቤ ጠቅሶ መሸጥ ይችላል። ሕፃናት ያሉበት ቤትም ሊታሰብ ይገባል፤ እናት የተቀባችው በእቅፍ ወደ ልጅ ይተላለፋልና። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የላቬንደርና የቲ ትሪ ዘይት ያላቸው መዋቢያዎችን የተጠቀሙ 3 ወንዶች ልጆች ጡታቸው ማደጉና መጠቀም ሲያቆሙ መመለሱ ተዘግቦ ብዙ አከራክሯል፤ ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶችም አንድ ድምዳሜ ላይ አልደረሱም። ክርክሩ የተካሄደው ግን ሰው ስለዘገበ፣ መሥሪያ ቤት ስለመዘገበ፣ ሳይንቲስት ስለለካ ነው። እዚህ አገር ተመሳሳይ ነገር በአንድ ሕፃን ላይ ቢደርስ፣ ወላጁ የሚያመለክትበት ቅጽ የትኛው መስኮት ላይ እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ ይንገረን።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በቅድሚያ ያንን ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ እንዲሽርና ለወይዘሮዋ ተገቢውን መልስ ከይቅርታ ጋር እንዲሰጥ ይጠየቃል። ቀጥሎም ብልቃጡ በቤተ ሙከራ ተመርምሮ የጄኒስቴይኑና የዳይድዚኑ መጠን ለሕዝብ እንዲገለጽ፣ ያለ አስመጪ ስም ወደ ገበያ የገባበትና የአገልግሎት ቀኑ በተለጣፊ የተሸፈነበት ምክንያት እንዲጣራ ይጠየቃል። ነገር ግን እዚህ ላይ መቆም ጉዳዩን ማሳነስ ስለሚሆን፣ በመዋቢያ ውስጥ ሊኖር የሚችል የዕፅዋት ኢስትሮጅን ልክ በመመሪያ እንዲወሰን፤ በካርቶን ላይ «ኢስትሮጅን»፣ «ሆርሞን» ወይም «ፋይቶኢስትሮጅን» የሚል ቃል የጻፈ ማንኛውም አስመጪ መጠኑን በሚሊ ግራም እንዲጽፍ፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለካንሰር ታካሚዎች የሚሆን ማስጠንቀቂያ በአማርኛና በየአካባቢው የሥራ ቋንቋ እንዲያሰፍር እንዲገደድ ይጠየቃል። አሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የመዋቢያ ሕግ ኩባንያዎች ከባድ ጉዳት ሲደርስ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያሳውቁ እንዳስገደደችው፣ እዚህም ጉዳት የሚዘገብበት፣ ቁጥሩም በየዓመቱ የሚታተምበት ሥርዓት እንዲዘረጋ፣ ያን የሚያስፈጽም ክፍልም ስልክ የሚያነሳ ሰው እንዲኖረው ይጠየቃል።

አብሽና ተልባ እየፈጩ በየቤታቸው ቅባት የሚያዘጋጁ፣ ሥራቸውም ሊበረታታ የሚገባቸው የአገር ውስጥ አምራቾች ከአስመጪዎቹ ጋር በእኩል እንዲታዩ፣ ነገር ግን እንዳይቀጡ ቀድመው እንዲሠለጥኑ፤ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖንና ሜርኩሪ ተደብቆባቸው ስለሚሸጡት የቆዳ ማንጫ ቅባቶችም ተመሳሳይ ምርመራ እንዲደረግና ውጤቱ ከነምርቶቹ ስም በይፋ እንዲነገር፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሠራው የመዋቢያ ማስታወቂያ እንደ ማንኛውም የጤና ማስታወቂያ ቅድሚያ ፈቃድ እንዲጠየቅበት፤ በመጨረሻም የሕዝብ የጤና ጥያቄ ላይ የሚሰጥ እያንዳንዱ የጽሑፍ መልስ ያዘጋጀውን ባለሙያ ስም፣ ሙያና የተመሠረተበትን ማስረጃ እንዲይዝ ይጠየቃል። ከአንድ ብልቃጥ ተነሥቶ ይህን ያህል መዘርዘሩ የበዛ ቢመስል፣ የበዛው ለዓመታት ሳይሠራ የቆየው ነው።

መልሱ እንደ ጥያቄው በይፋ እንዲሰጥ ይጠበቃል። የብልቃጡ ናሙና፣ ካርቶኑ ከነተለጣፊው፣ እንዲሁም የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ዋናው ቅጂ ለሚመረምር ማንኛውም አካል ለመቅረብ ዝግጁ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለሸማቾች መብት ጉዳይ ለሚመለከታቸው አካላት
ለቆዳ፣ ለማሕፀንና ለካንሰር ሕክምና የሙያ ማኅበራት
ለፋርማሲ ባለሙያዎች
ቅባት ለሚገዛው ሕዝብ